የሞቀ ባሕር ዳር ሲያዩትና ሲኖሩበት፦ ከምጽዋ ታሪክ የምንማረው

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ከሚኒያፖሊስ፣ ከቶሮንቶ ወይም ከስቶክሆልም የሚደወልልን ስልክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እናንተማ ታድላችኋል! እኛ በረዶ ስንዝቅ እናንተ በሸሚዝ ባሕር ዳር ትንሸራሸራላችሁ» ይሉናል። እኛም የሎስ አንጀለስ ሰዎች ምርቃት እንደተቀበለ ሰው ዝም ብለን «አሜን» እንላለን እንጂ የቤት ኪራዩን፣ የመሬት መንቀጥቀጡንና በየበጋው የሚነሣውን የሰደድ እሳት አናነሣባቸውም። ጅዳና ዱባይ ያሉት ወገኖቻችን ይህን ጨዋታ ቢሰሙ ግን መሳቃቸው አይቀርም። እነሱ ሙቀት ማለት ሸሚዝ ሳይሆን ላብ፣ ባሕር ዳር ማለትም ሽርሽር ሳይሆን ጨው መሆኑን ከኛ የበለጠ ያውቃሉ።

በቅርቡ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን ይህንኑ ስናወራ አጠገባችን ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። በወጣትነታቸው በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው። «ልጆቼ» አሉን፣ «የሞቀ ባሕር ዳር መኖር ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ምጽዋ ኖሬያለሁ። ቀን ጥላ፣ ሌሊት ነፋስ እየለመንክ የምትኖርባት ከተማ ናት።» ከመሐላችን አንዱ «ታዲያ ጋሼ፣ ቢሆንልዎ ተመልሰው ይኖሩባታል?» ብሎ ቢጠይቃቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ዛሬ ማታ» ብለው መለሱ።

ይህ መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። በሙቀቷ የምትታማ፣ ግን የኖረባት ሁሉ የሚናፍቃት ከተማ ታሪክ ለኛ ለስደተኞቹ ምን ይነግረናል? በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የከተማዋ ጠባይ

ምጽዋ ዛሬ በኤርትራ ግዛት የምትገኝ የቀይ ባሕር ወደብ ናት። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ «ባጽዕ» ይላታል። አሮጌው ከተማ ያለው በደሴት ላይ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ጠዋለት የሚባለው ሁለተኛ ደሴት አለ፤ ከዚያም መንገዱ በባሕሩ ላይ ተሠርቶ ወደ ዋናው ምድር ይሻገራል።

የምጽዋ የዓመት አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም። በዚያ ላይ የባሕሩ እርጥበት አለ። የደረቅ በረሃ ሙቀት ላቡን ያደርቅለታልና ሰው በጥላ ሥር ያርፋል። የባሕር ዳር ሙቀት ግን ላቡ አይደርቅም፤ ሰውነት የሚቀዘቅዝበት መንገድ ይዘጋበታል። ዝናቡም በዓመት ተጠራቅሞ 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የሚዘንበውም ደጋው በሚደርቅበት በኅዳርና በጥር መካከል ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የውሃ ነገር ነበር። ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ደሴት የሚጠጣ ምንጭ አልነበራትም። ነዋሪው የዝናብ ውሃ በጉድጓድ እያጠራቀመ፣ ያ ሲያልቅ ደግሞ ከዋናው ምድር ከሕርጊጎና ከምንኩሉ እያስመጣ ይኖር ነበር። ውሃ የሚሸጥ ከብሯል፣ ውሃ የሚገዛ ደኽይቷል። ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ የያዘም ከተማዋን አንድ ጥይት ሳይተኩስ ማንበርከክ ይችል ነበር።

የአገሩ ሰው ታዲያ እንዴት ኖረ? ብልሃት ነበረው። ቤቱን ከባሕር በሚወጣ የዛጎል ድንጋይ ወፍራም አድርጎ ይሠራል፤ በመስኮቱ ላይ ነፋስ የሚያስገባ ፀሐይ የማያስገባ የእንጨት ፍርግርግ ያወጣል፤ ሌሊት አልጋውን ይዞ ጣሪያ ላይ ወይም ደጅ ያድራል። የበጋው ሙቀት ሲጠና አቅም ያለው ወደ ደጋ ይወጣል። በአካባቢው ያሉት አርብቶ አደሮችም ቆላው ዝናብ ሲያገኝ ከብቶቻቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ደጋው ሲዘንብ ደግሞ ይወጣሉ። ሙቀቱን የታገለው ሳይሆን ጊዜውን ያወቀ ነበር የሚኖርበት።

በረሃው አጥር ነው ወይስ ዕዳ?

የደጋው ሰው ከዚህ የባሕር ዳር ምድር ጋር የነበረው ግንኙነት ግን ሌላ ነው። ለነጋዴው ቆላ ማለት ወርዶ፣ ሸጦና ገዝቶ ቶሎ የሚወጣበት ቦታ ነበር። ለወታደሩ ደግሞ ወባ ነው። ለመሳፍንቱና ለነገሥታቱ በረሃው አጥር ነበር። ከባሕር የሚመጣ ጠላት ከኛ በፊት ፀሐይ ያገኘዋል የሚል እምነት ነበራቸው። እምነቱ ግማሹ እውነት ነበር። ብዙ ያስከፈለን ግን የቀረው ግማሹ ነው።

ኦቶማን ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ያዙ። ወደ ደጋ ወጥተው እስከ ድባርዋ ቢደርሱም በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ተመትተው ወደ ባሕሩ ተመለሱ። ሆኖም ከደሴቲቱ አልወጡም። የደጋው ጦር እስከ ባሕሩ ጠረፍ ወርዶ ሊመታ ይችላል እንጂ በዚያ ሰፍሮ አይቀመጥም ነበር፤ ሙቀቱ አያስቀምጠውም፣ መርከብም አልነበረውም። ቱርኮቹም ራሳቸው ሙቀቱን ስላልቻሉት ውሎ አድሮ አስተዳደሩን ለአካባቢው ባላባት ለሕርጊጎ ናኢብ ተዉለት። ከዚያ በኋላ ወደ ሐበሻ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለናኢቡ እጅ መንሻ ሳይሰጥ አያልፍም። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመስከረም 1769 ምጽዋ ደርሶ ወደ ጎንደር መንገድ እስኪፈቀድለት ሁለት ወር ያህል በዚያ ተጉላልቷል።

በ1865 ምጽዋ ከኦቶማን ወደ ግብጽ እጅ ተላለፈች። ግብጾች በ1870ዎቹ ያገለግላቸው የነበረውን ስዊሳዊ ቬርነር ሙንዚንገርን ገዥ አድርገው ሾሙ። እርሱም ደሴቶቹን ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኝ የድንጋይ መንገድ አሠራ፤ ከምንኩሉም የውሃ መስመር አስመጣ። በዚያች ደሴት ላይ ለመኖር መጀመሪያ ውሃውን መያዝ እንደሚያስፈልግ የገባው ሰው ነበር። ይኸው ሰው ግን በ1875 ጦር እየመራ በአውሳ በረሃ ሲጓዝ ተገደለ። በዚያው ዓመት በጉንደት፣ በተከታዩም ዓመት በጉራዕ የግብጽ ጦር በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ተመታ። ድሉ የደጋው ነበር፤ ወደቡ ግን በግብጽ እጅ ቀረ።

ከዚያ በፊት በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ ላይ ደግሞ እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከምጽዋ በስተደቡብ በዙላ ወርደዋል። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ያለው ጦር ገና ጠላት ሳያይ የተዋጋው ከጥም ጋር ነበር። በጠረፉ የሚበቃ ውሃ ስላልነበረ በመርከቦቹ ላይ የባሕር ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ነበር የሚያጠጡት። ብዙ በቅሎዎች በውሃ ጥምና በበሽታ አለቁ። ነገር ግን ጦሩ አልተመለሰም። ውሃውን በሞተር ሠራ፤ ከጠረፉ እስከ ተራራው ሥር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ በሚያዝያ 1868 መቅደላ ደረሰ። በረሃው አጥር ነው ለሚለው አባባል ይህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር። ገንዘብና መኪና ላለው ጠላት በረሃ መዘግየት እንጂ መከልከል አይሆንም።

ከባሕር የመጣው መቅሰፍት

በ1884 አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር ዓድዋ ላይ ባደረጉት ውል በምጽዋ በኩል ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍላቸው ተስማምተው ነበር። ውሉ ዓመት ሳይሞላው በየካቲት 1885 ጣሊያን እንግሊዝ እያየች ምጽዋን ያዘች። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ቱርክ የከፈተችው፣ ግብጽ ያሰፋችው በር ለሦስተኛ ባለቤት ተላለፈ።

ራስ አሉላ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ 500 ያህሉን የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ይህን ድል የማያውቅ ሐበሻ የለም። በዚያው ዓመት በምጽዋ ስለገባው ሌላ ነገር የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ጣሊያኖች ለጦራቸው ከባሕር ማዶ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ወረደ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ሥራው መቅሰፍት ነበር። ከጠረፉ ወደ ደጋ ወጣ፤ ከትግራይ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ሸዋና ከሸዋም ወዲያ ተዛመተ፤ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ማረሻ ሲቆም ከ1888 እስከ 1892 ድረስ የቆየው፣ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኃብ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1895 የክተት አዋጃቸውን ሲያውጁ እስከዚያ የታገሡት የከብቱን ማለቅና የሰውን መድከም አይተው መሆኑን ለሕዝቡ የነገሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እነሆ የባሕር ዳር ከተማ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ሙቀቱ የሚጎዳው በዚያ ያለውን ሰው ነው፤ በበሩ የሚገባው ነገር ግን ባሕር አይቶ የማያውቀውን ገበሬም ይገድላል። የምጽዋን ወደብ በሕልሙም ያላየ የወሎ ገበሬ በሬውን ያጣው በምጽዋ ወደብ ነው።

በመጋቢት 1888 አፄ ዮሐንስ ራሳቸው ብዙ ሠራዊት ይዘው እስከ ሰሐጢ ወረዱ። ጣሊያኖች ምሽጋቸውን አጥብቀው አልወጣም አሉ። ያንን የሚያህል ጦር በዚያ ቆላ ስንቅና ውሃ አላገኘም፤ በሽታም ገባበት። ከኋላ ደርቡሽ ይጠብቃል፣ የሸዋው ነገርም አላማረም። ንጉሠ ነገሥቱ ሳይዋጉ ተመለሱ፤ በተከታዩ ዓመት በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ወደቁ። የቆላው ጠባይ እንደገና ፈረደ፤ የፈረደው ግን ለጠላት ነበር።

ገዥውም ከሙቀቱ ሸሸ

ጣሊያኖች ራሳቸው ምጽዋን አልቻሏትም። የቅኝ ግዛታቸው መናገሻ አድርገው ጀመሯት፤ በሙቀቱና በበሽታው ሲቸገሩ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በአገረ ገዥው በፈርዲናንዶ ማርቲኒ ዘመን፣ መናገሻቸውን ወደ አሥመራ አዛወሩ። ከምጽዋ አሥመራ በመኪና መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ግን መሬቱ ከባሕር ወለል ወደ 2,300 ሜትር ይወጣል። ከታች ላብ ያሰመጠው ሰው ከላይ ጋቢ ይፈልጋል። በ1887 ከወደቡ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ ያንን ዳገት ወጥቶ አሥመራ የደረሰው በ1911 ነው። ሹሙ፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ ወደ ነፋሻው ሲወጡ ጫኝና አውራጁ፣ ዓሣ አጥማጁና ጨው ጫኙ ከታች ቀሩ። በሞቀ ወደብ ሁሉ ይህ ሕግ ነው፤ ትርፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላቡ ከታች ይቀራል።

በ1921 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታት። የዛጎሉ ድንጋይ ቤት ሙቀት ቢችልም መናወጥ አልቻለም፤ ብዙው ፈረሰ፤ ዛሬ የሚታየው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በሚያዝያ 1941 እንግሊዞች ሲገቡ ጣሊያኖች ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቻቸውን ራሳቸው አሰጠሙ። እነዚያን መርከቦች ሊያወጣ በ1942 የመጣው አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ ትዝታውን በ1946 በመጽሐፍ ሲያሳትም ስሙን ከቀይ ባሕር ፀሐይ ጋር አያይዞ ነው የሰየመው። ሠራተኞቹ በፀሐይ የጋለውን ብረት በባዶ እጅ መንካት የማይችሉበት ቦታ ነበር። ሥራው ግን ተሠራ፤ ከሥራውም ብዙው ትከሻ የአገሬው ሰውና የጣሊያን ምርኮኞች ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተናል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ተመሠረተ፤ ምጽዋ መደቡ ሆነች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይወርዱ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ይመጡ ነበር። በየካቲት 1990 ከተማዋን የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር በከባድ ውጊያ ያዘ፤ ተከትሎም የደርግ አውሮፕላኖች ደበደቧት። በዚያ ውጊያ ከሁለቱም ወገን የወደቁት ልጆች ብዙዎቹ ከደጋ የወረዱ ነበሩ። በ1991 የቀሩት የባሕር ኃይል መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች።

እኛ ምን እንውሰድ?

የባሕር በር ጉዳይ በየምግብ ቤታችን ሲነሣ ድምፅ ከፍ ከፍ ይላል። እኛ እዚህ ላይ ማንንም ለመክሰስ አልተነሣንም። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ ታሪክን መሸሸግ ነው። ለዘመናት «ባሕራችን» ስንል ባሕሩን አልነበርንበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ዓይነት ነበር። ወደቡን እንወድ ነበር፤ በወደቡ የሚኖረውን፣ ውሃ በትከሻው የሚያጓጉዘውን፣ በጣሪያው ላይ የሚያድረውን ሰው ግን ቋንቋውንም ስሙንም አናውቅም ነበር። ሙቀቱን ምክንያት አድርገን ከምድሩ ስንርቅ ከሰዉም ራቅን። በረሃው ከጠላት ሳይሆን ከገዛ ጎረቤታችን ነበር የከለለን። የዚህን ዕዳ መጠን ዛሬ የሚያውቀው በሁለቱም በኩል ልጁን የቀበረ ነው።

ዛሬ ደግሞ ታሪክ ተገልብጦ የደጋ ልጆች የዓለምን የሞቁ ጠረፎች ሞልተናቸዋል። ከጅዳ እስከ ዱባይ፣ ከጅቡቲ እስከ ሎስ አንጀለስና ሂዩስተን ድረስ አለን። የምጽዋ ትምህርት የሚያስፈልገን አሁን ነው። ሎስ አንጀለስ እንደ ምጽዋ ሁሉ በባሕር አጠገብ ተቀምጣ ለቁመናዋ የሚበቃ ውሃ የላትም፤ በ1913 የተከፈተው ቦይ ከኦወንስ ሸለቆ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ነው ያጠጣት፤ የሸለቆውም ገበሬዎች በዚህ ምክንያት ደርቀው ቀርተዋል። የቴክሳስዋ ጋልቭስተን በዘመኗ ባለጠጋ ወደብ ነበረች፤ በመስከረም 1900 አንድ ሌሊት የመጣ ማዕበል ቢያንስ 6,000 ሰው ፈጀባት። ከዚያ ወዲያ ንግዱ ወደ ውስጥ ገባ ወዳለችው ሂዩስተን ዞረ። ሂዩስተንም በ2017 በሃርቪ ማዕበል ጊዜ ጎርፉ ቤት ድረስ ሲገባባት የብዙ ወገኖቻችን ንብረት አብሮ ሄዷል። በዐረብ አገሮችም የበጋው ሙቀት ከቀድሞው እየጠና ስለመጣ ሳዑዲ ዐረቢያና ኤሚሬቶች ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በቀትር ፀሐይ ደጅ ማሠራትን ከልክለዋል። ሕጉ መኖሩን የማያውቅ ሠራተኛ ግን ሕጉ አያድነውም፤ ስለዚህ እዚያ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው።

የሞቀ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሦስት ነገር ጠይቆ ማወቅ አለበት። የምጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? ክፉ ቀን ቢመጣ በየት በኩል እወጣለሁ? ጎረቤቴስ ማን ነው? የመጀመሪያውን ሙንዚንገር ጠይቋል። ሁለተኛውን ናፒየርም ጣሊያኖቹም አልዘነጉትም። ሦስተኛውን ግን ከባሕር የመጡትም ሆኑ ከደጋ የወረዱት ሳይጠይቁ ነው የኖሩት፤ ሁሉም በተራ ከዚያች ደሴት የወጡት ሳይጠይቁ በመቅረታቸው ጭምር ነው። ሁሉንም ተሰናብተው ዛሬም በጣሪያቸው ላይ የሚያድሩት የባጽዕ ሰዎች ናቸው።

ወደ አዛውንቱ እንመለስ። ሲነሡ አንድ ነገር ጠየቅናቸው፤ ከምጽዋ በጣም የሚናፍቅዎ ምንድን ነው? እኛ ዓሣውን ወይም ባሕሩን ይላሉ ብለን ነበር። እርሳቸው ግን በበጋው ሙቀት ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ ታቀብላቸው የነበረችን አንዲት እናት ነው ያነሡት። «እኔ አማርኛ፣ እሷ ትግረ፤ አንግባባም ነበር» አሉ። «ውሃዋን ግን ጠጥቻለሁ። ስሟን ሳልጠይቃት ነው የወጣሁት።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ከበላይህ ወይም ከጎንህ ያለውን ጎረቤትህን ስሙን ጠይቅ።